ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ የሰጠ ሰው

ከሚሴ፣ አስፋልቱ ዳር ካለችው የሱዓድ ሻይ ቤት የገባ ሁሉ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞራል። አልፎ አልፎ በጨፋ በኩል ብቅ የሚለው እንግዳ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶት ይቀመጣል። ሱዓድ ስሙን ጠይቃው አታውቅም። ኮቱ የደህና ሰው ኮት ነው፤ ጥፍሩ ሥር ግን ጭቃ አይጠፋም። አዲስ ነገር ደግሞ ዓይኑ አይወድም። ባለፈው አዲሱን አግዳሚ ወንበሯን የሻይ ዝቃጭና አመድ ቀላቅሎ በአውራ ጣቱ እያሸ አሮጌ አስመሰለባት። ልትቆጣ ብላ ስታየው የአያቷን ወንበር መሰላትና ተወችው።

ዛሬ ቴሌቪዥኑ ስለተሸለመ ፊልም ያወራል። ዋንጫ የታቀፈው ዳይሬክተር፣ «መንደሩን ጨፋ ላይ እንዳለ ነው ያገኘነው፤ አንድ እንጨት አልነካንም» አለ።

የእንግዳው ብርጭቆ አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

«እኔ የጨፋ ልጅ ነኝ፤ ይህን መንደር ግን አላውቀውም» አለች ሱዓድ።

«ከየት ታውቂዋለሽ? እኔ ነኝ የሠራሁት። ግድግዳውን በጭስ ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። የፊልም ቤትና መንደር መሥራት ሙያዬ ነው፤ በዚሁ ሰውዬ ፊልሞች ሁለቴ ተሸልሜበታለሁ።»

ሱዓድ ቴሌቪዥኑ ላይ የዘመመውን ጎጆ፣ የረገፈውን ምርጊት አየችና ሳቀች።

«ይተዉ እንጂ ጋሼ! ወላሂ፣ እንዲህ ያረጀ ቤት ሰው አሁን ሠርቶት አይሆንም።»

ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ቃል ደስ ይለው ነበር።

«አንቺስ ስላላየሽ ነው» አለ፣ ዞር ሳይል። «ያ ዋንጫ ያቀፈው ግን ጭቃውን አብሮኝ ረግጧል።»