በጋዋን የተጠየቀ ጥያቄ

ወገኔ መቀመጥ አይሆንለትም። እንጅባራ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ለአንደኛ ዓመት የሳይንስ ተማሪዎች ምርምርና ተግባቦት ያስተምራል። እኔ ቢሮ የምጋራው የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ መንቆራጠጡን ሚስቱ ከምታውቀው በላይ አውቀዋለሁ። «የወሬ ትምህርት» እያልን የምንቀልድበት እኛው ነን፤ እሱን ደግሞ ያንገበግበዋል።

ዘንድሮ ተማሪዎቹን ለመጠይቅ ወደ ገጠር ሲልክ «ጋዋናችሁን ልበሱ፤ ሰው ቁም ነገር ብሎ ያናግራችኋል» አላቸው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ነጭ ጋዋን ልበስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንቁ የምትባል የዘንገና ልጅም ለብሳ ሄደችና የሰፈሯን ሰው ስለ መጠጥ ውሃ ጠይቃ መጣች። ሁሉም «አፍልተን ነው የምንጠጣ» ብለዋል፤ አንድ ሰው እንኳ ሳይቀር።

ወገኔ ውጤቱን አይቶ ከበር መስኮት ሲመላለስ ቆየና አስጠራት።

«ከነዚህ ውስጥ የምታውቂው ሰው አለ?»

«አለ ቲቸር። የመጀመሪያዋ እናቴ ናት።»

«እናትሽ ውሃ ያፈላሉ?»

እንቁ አቀረቀረች። «አያፈሉም። ከምንጩ ቀድተን እንዲሁ ነው የምንጠጣ።»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

«እርስዎ የመለሱላችሁን እንዳለ ጻፉ ብለውናል። ጎረቤቱም ከጤና ጣቢያ ሰው መጣ ብሎ ተሰብስቦ ነበር። እናቴ የመለሰችልኝ በአማርኛ ነው። እኛ እኮ ቤት ውስጥ አዊኛ እንጂ አማርኛ አውርተን አናውቅም።»

ጋዋኑን ያስለበሰ እሱ ነው። ዓርብ ደግሞ ሥራዋን መምህራን ፊት ታቀርባለች። እንዳለ ብታቀርበው ሁላችንም እናጨበጭባለን፤ ግን ውሸት ነው። እውነቱን ብትናገር እናቷን በአደባባይ ዋሾ ማለቷ ነው። ወገኔ ይህን እንዴት አድርጎ ይጠይቃት? ሳምንቱን ሙሉ ሲንጎራደድ እኔንም አዞረኝ።

«እባክህ ተቀመጥ» አልኩት ተናድጄ።

«አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ?»

እኔ በማስተምረው ውስጥ የማንም እናት የለችም።

ሐሙስ ዕለት «እኔ እንዲህ አድርጊ አልልሽም፤ እናትሽን አማክሪ» ብሎ ወደ ቤቷ ሰደዳት።

ዓርብ እንቁ ያለ ጋዋን ቆመች።

«የጠየቅኋቸው ሁሉ አፍልተን እንጠጣለን ብለውኛል። ይህን መልስ አልቀበለውም። አንዷ መላሽ እናቴ ናት፤ እኛ ቤት ውሃ አይፈላም።»

የባዮሎጂው መምህር ሽመክት ፊቱ ተኮሳተረ። «ይህን እዚህ መናገርሽን እናትሽ ያውቃሉ?»

«ትናንት በአዊኛ ነገርኳት። ‹ያን ነጭ ልብስ ለብሰሽ ስትመጪ ኮራሁብሽ፤ ጎረቤት ፊት የመሃይም ልጅ እንዳትባይ ብዬ ነው ያልኩት› አለችኝ። ቀጥላ ‹ንገሪያቸው› አለች።»

እኔም አላጨበጨብኩም። ወገኔን ሁልጊዜ ከሚቆምበት ጥግ በዓይኔ ፈለግሁት። ተቀምጧል።