ሰኞ ሰኞ የሚመዘን አበባ

እኔ እስከማውቀው ድረስ እህቴ በዕድሜዋ የዋሸችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ስለ አበባ። ሌላው ሰው በቀን ሦስቴ ዋሽቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። እሷ ግን ያቺን አንዲት ውሸት ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ዓመት ሙሉ ይዛት ዞረች፤ እኔም አብሬያት አነከስኩ።

እትዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ሠርታለች። ከዚያ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ኃላፊ ነበረች። ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላታል፤ ባለሱቁም፣ የጎረቤት ልጆችም። እኔ ታናሿ ነኝ፣ መጋረጃ እሰፋለሁ። ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። የስፌት መኪናዬ በጓሮው መስኮት ሥር ስለተቀመጠ፣ ወደድኩም ጠላሁም ጓሮ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ አያለሁ።

እነዚያ ሕፃናት አንዳንዶቹ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞሉም ነበር። የክፍሉ ደንብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አልጋና አልጋ አይጠጋጋም። ሙቀታቸው ይጠበቃል፣ ምግባቸው በሲሪንጅ ተለክቶ ይሰጣል፣ ይመዘናሉ፣ ሁሉም ነገር ቻርት ላይ ይሰፍራል። አንዴ አንዲት ተለማማጅ ነርስ ቴርሞሜትሩን ሳትነካ «ሠላሳ ስድስት ተኩል» ብላ ሙቀት ሞላች። እትዬ በዚያችው ሰዓት ከክፍሉ አስወጣቻት። ልጅቷ እያለቀሰች እዚህ ቤት ድረስ መጥታ ለመነች። «ካልለካሽ አልለካሁም ብለሽ ጻፊ፤ እሱ ነውር የለውም» አለቻትና በሩን ዘጋች። እኔ በዚያ ቀን አኩርፌያት እራት ለብቻዬ በላሁ።

የሆስፒታሉ አትክልተኛ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ውሃ ከሚሞቅበት ከቦይለሩ ክፍል ግድግዳ ሥር ኔሪን የሚባል አበባ ነበራቸው። ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ቁርጥ ሽንኩርት ነው፤ እኛም «ሽንኩርቶቹ» ነው የምንላቸው። ሙቀቱ አልፎ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ሌላው አበባ ሁሉ እጁን ሲሰጥ፣ እነሱ ከዚያ ደረቅ አፈር ራቁቱን የቆመ ዘንግ ይልካሉ። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የተጠቀለሉ ደማቅ ሮዝ አበቦች ይከፈታሉ፤ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ብልጭ ብልጭ ይላሉ። በዚያ ወቅት ሕፃን በሞተባት ጠዋት እትዬ ከሥራ ስትወጣ እዚያ ግድግዳ ጋ ትቆም ነበር። ጋሼ ምንም ሳይጠይቁ አንድ ዘንግ ቆርጠው ይሰጧታል። ይዛው ስትገባ እኔም አልጠይቃትም፤ አበባውን ካየሁ ገብቶኛል።

ኋላ ቦይለሩ ያለበት ክፍል ሊፈርስ ሆነ። ጋሼ በዚያው ሰሞን ልባቸው ደክሞ ሥራ አቆሙ፤ እትዬም ጡረታ ወጣች። አንድ ቀን አሥራ አራት ሽንኩርት በሲሚንቶ ከረጢት ይዘው በራችንን አንኳኩ።

«ግድግዳ ሥር ክተቻቸውና ተያቸው፤ ምንም አትንኪያቸው» አሏት።

ይህችን ምክር እትዬ ከመጤፍ አልቆጠረቻትም። «እኔን ላለማስቸገር ብለው ነው እኮ» አለች፤ በማግስቱም ሥራ ጀመረች።

አቤት ሥራ! ለእያንዳንዱ ሽንኩርት የራሱ ጉድጓድ ተቆፈረለት፣ በመካከላቸውም አንድ ክንድ ሙሉ ተተወ። ብርድ እንዳይመታቸው አንገታቸውን ጭምር ቀበረቻቸው፣ ከላይ ደግሞ ላስቲክ አለበሰቻቸው። ጠዋት ጠዋት ውሃ በሲሪንጅ፣ ረቡዕ ረቡዕ ማዳበሪያ። በየራስጌያቸው እንጨት ተተክሎ ቻርት ተንጠለጠለ፤ ከአንድ እስከ አሥራ አራት ቁጥር ተሰጣቸው። ሰኞ ሲመጣ ደግሞ አንድ በአንድ ከአፈር ታወጣቸውና በቀለም ብሩሽ ጠርጋ በወጥ ቤቱ ሚዛን ትመዝናቸዋለች። ያ ሚዛን ከዚያ ወዲህ ዱቄት የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም።

«ሰባት ቁጥር አምስት ግራም ጨመረች!» ብላ ትጮኻለች ከጓሮ።

«እንኳን ደስ አለሽ! መቼ ነው ከሆስፒታል የምትወጣው?» እላታለሁ ከመኪናዬ ሳልነሳ።

በመጀመሪያው ዓመት ወቅቱ ደርሶ አለፈ፤ አንድም አላበበም። ቅጠል ግን ነበር፤ ለጉድ ነው ቅጠል። በዚያው ሰሞን የጋሼ ልጅ ደወለች። አባቷ ከሆስፒታል ወጥተው እሷ ዘንድ ተኝተዋል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ምግብ እምቢ ብለዋል። «እስቲ አንቺ አናግሪልኝ፣ ያንቺን ነገር ይሰማል» አለቻትና ስልኩን ለአባቷ ሰጠች። እትዬ ድምፁ ለሁለታችን እንዲሰማ አድርጋ ነበር የያዘችው።

«ሲስተር፣ እንዴት ናቸው?» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «አበቡ?»

«አበቡ» አለች እህቴ።

መቀሴ ከእጄ ወደቀ።

«ስንቱ?»

«አሥራ አራቱም!»

መዋሸት ያለመደ ሰው ልክ አያውቅም። እኔ ብሆን ሦስት እል ነበር፤ ሦስት ያምራል፣ ይታመናልም።

«ቀለማቸውስ?»

«እንደ ድሮው ነው ጋሼ፤ እንዲያውም ይበልጣል።»

እሳቸው ሳቁ፣ አመስግነው ስልኩን ዘጉ። በማግስቱ ልጃቸው ደውላ «ተነሥቶ በላ፤ እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። ሌላ ሰው ቢሆን ውሸቱን ረስቶ በምርቃቱ ይደሰት ነበር። እትዬ ግን ፊቷ አመድ መሰለ፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሳልለካ ጻፍኩ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ በሚቀጥለው ዓመት እንዲያብቡላት። ካበቡ ውሸቱ ውሸት መሆኑ ይቀራል፣ ቀድሞ የተነገረ እውነት ይሆናል፤ ሒሳቧ ይሄ ነበር። ስለዚህ ውሃው ጨመረ፣ ማዳበሪያው እጥፍ ሆነ። ሐሩር በሆነበት ወራት ሰው እንኳ ጥላ ሲፈልግ እሷ ባርኔጣ አድርጋ በጉልበቷ ተንበርክካ ሲሪንጅ ይዛ ትውላለች። «ተይ፣ ወገብሽ!» ብላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ወቅቱ ደረሰ። አሥራ አራቱም እንደ ባሮ ሽንኩርት ለምልመው ቆመዋል፤ አንድ ዘንግ የለም። ረቡዕ ዕለት የጋሼ ልጅ ደወለች።

«አባዬ ዘንድሮ በዓይኔ ካላየሁ ብሏል። እሑድ ይዤው እመጣለሁ፤ አይመችሽም?»

«ይመቸኛል» አለች እትዬ። ምን ትበል?

ያን ቀን እኔ ነኝ ክፉ ሐሳብ ያመጣሁት፤ አልደብቅም። «አበባ ሻጯ ዘንድ ይሄን የመሰለ ሮዝ አበባ አይጠፋም። ገዝተን እንሰካው። ሰውዬው ዓይናቸውም ደክሟል፣ ከሩቅ አሳይተን እንመልሳቸው» አልኳት። እትዬ ሐሙስ ከሰዓት ኮቷን ደርባ ወጣች፤ ሆዴ «ሄደችልኝ» አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«የአበባ ሻጯ መስኮት ጋ ቆሜ ነበር» አለችኝ፤ «ልጅቷ ‹ስንት ልስጥሽ?› ስትለኝ አፍሬ መጣሁ።»

«ታዲያ እሑድ ምን ልትያቸው ነው?»

«እውነቱን።»

«ልቡ የታመመ ሰው ፊት? አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ድንጋይ?»

«እኔ እንጃ» አለች። እስከ እሑድ ሳንነጋገር ሰነበትን።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ልጃቸው መኪናዋን የጎረቤት በር ላይ ስላቆመች እዚያው ቀረች፤ ጋሼን እኔ ደግፌ አስገባኋቸው። እኚያ ሙሉ ሰው ግማሽ ሆነዋል። በየሦስት እርምጃው ይቆማሉ፤ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ከጫማቸው በላይ ወጥቷል። እትዬ ጓሮው መሐል ወንበር አዘጋጅታ ቆማ ትጠብቃለች፣ ልክ እንደ ድሮው ጉብኝት ሰዓት ቀጥ ብላ። ቁጭ እስኪሉ እንኳ አልታገሠችም።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አንድም ቀን አላበቡም።»

እሳቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አውቃለሁ እኮ» አሉ። «ከቦታው ተነቅሎ በዓመቱ የሚያብብ ኔሪን አርባ ዓመት ሙሉ አላየሁም። አንቺ ደግሞ አሥራ አራቱም አልሽኝ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ሲስተር ለእኔ ስትል ከዋሸች፣ የእኔ ነገር እኔ ከማስበው በላይ አስፈሪ ነው ማለት ነው አልኩ። ደንግጬ ተነሥቼ በላሁ።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እትዬ አልሳቀችም፤ ግን ትከሻዋ ዓመት ሙሉ ከተሰቀለበት ሲወርድ አየሁት።

ከዚያ ጋሼ ጎንበስ ብለው ከአንዱ እንጨት ላይ ቻርቱን ነጠሉ። «ሰኞ፣ ስድሳ ሁለት ግራም። ሰኞ፣ ስድሳ አራት ግራም። ይሄ ምንድን ነው?»

«ትመዝናቸዋለች» አልኩ። እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም። «ሰኞ ሰኞ፣ እየቆፈረች።»

የጋሼ ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሁለታችንም ደንግጠን ውሃ እስክናቀርብ ድረስ ሳሉ። ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና እንዲህ አሏት፦

«ስሚኝ ልጄ። እነዚህ መተፋፈግ ይወዳሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ካልተገፋፉ ነፍስ አይዘሩም። አንገታቸው ከአፈር ውጭ ሆኖ ፀሐይ ይመታዋል። በሐሩር ጊዜ ደርቀው፣ ተርበው ይተኛሉ። አንቺ ግን ለየብቻ አስተኝተሽ፣ አልብሰሽ፣ አጥግበሽ፣ በየሳምንቱ እየቀሰቀስሽ ሥሮቻቸውን በጣጥሰሽ! እኔም ብሆን አላብብም።»

«‹ተያቸው› ያሉኝ የምርዎን ነበር?»

«የምሬን ነዋ! አልሰማሽኝም እንጂ።»

የተሰነጠቀ የልብስ ሳፋ ነበረን፤ እሱን አመጣሁ። እትዬ ሽንኩርቶቹን ታወጣለች፣ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሳፋውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው ይደረድራሉ። አሥራ አራቱንም አንዱን በሌላው ላይ አስደግፈው ጠቀጠቋቸው። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ልትሸሽ ምንም አልቀራትም፤ ሁለት ሕፃን አንድ አልጋ ላይ ያስተኙባት ያህል ነው የተሰማት። አፈሩን ከአንገታቸው በታች አቆሙት።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ጋሼ እጃቸውን እያራገፉ። «አሁን ነካክተናቸዋል፤ ያኮርፋሉ። ሁለት ዓመት ይፈልጋሉ። ምናልባት ሦስት።»

ከዚያ ቀና ብለው እትዬን አዩዋት።

«አንቺ ታውቂያለሽ። እደርሳለሁ?»

«ይደርሳሉ እንጂ ጋሼ፤ ምን ይላሉ» ልል አፌን ስከፍት እትዬ በእጇ ከለከለችኝ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አጠገባቸው ተንበርክካ የእጃቸውን ትርታ ያዘች፤ ሰዓቷን እያየች ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጣቷን ስታነሣ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«ትንፋሽ እንዳያጥርዎ በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?»

«በአራት። ባለፈው ወር በሁለት ነበር።»

«አይደርሱም፣ ጋሼ» አለች።

በዚያች ሰዓት ጠላኋት። በአካፋው ብመታት ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን አልደነገጡም። ሳፋውን ከጉልበታቸው መሐል አውጥተው ወደ ጎን አኖሩት።

«ሐኪሙ ከልጄ ጋር ኮሪደር ላይ ይንሾካሾክና ለእኔ ይስቅልኛል። እሷም ‹ትድናለህ አባዬ› ነው የምትለኝ፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ ይሰማኛል። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ እስቅላታለሁ።» ትንሽ አረፉ። «ስንት ጊዜ ነው?»

«እሱን በልክ አላውቀውም። ወራት ይመስለኛል፤ ዓመት አይመስለኝም።»

«እሺ። ተባረኪ።» ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ ልጄን ጥሪልኝ፣ የኔ እመቤት። ኋላ እነግራታለሁ እያልኩ ያቆየሁት ብዙ ወሬ አለኝ።»

ጠራኋት። ልጅቷ የመኪናውን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች ገባች፤ የአባቷን ፊት ስታይ ምንም ሳይነግሯት ገባት መሰለኝ፣ አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። እጃቸው አፈር እንደነካው ራሷ ላይ አኖሩት። እኛ ወደ ወጥ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን።

እትዬ እጇን ልትታጠብ ጀመረች። ሳሙና ቀባች፣ አለቀለቀች፣ እንደገና ቀባች። ሦስተኛው ላይ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ያን አበባ ይዛ በገባችባቸው ጠዋቶች ሁሉ፣ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

«ክፉ ነኝ?» አለችኝ ሳትዞር።

እኔ መቼም ለመናገር አልዘገይም፤ ያን ቀን ግን ቀድሜ አዳመጥኩ። የጓሮው ድምፅ በመስኮቱ ይገባል፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ጋሼ ይናገራሉ፣ ደግሞ ይናገራሉ፤ በመሐል እሷም መለሰችላቸው።

«አይደለሽም» አልኳት፤ ቧንቧውን ዘጋሁና እርጥብ እጇን እንዳለ ያዝኩት።