ሁለት ስም ይዘን ወደ ድብ ባሕር

ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ካለው ቤታችን ወጣን። እኔ ሰማያዊ የፕላስቲክ ፋይል ይዣለሁ። አክስቴ ትርንጎ ለአማቷ የገዛችውን ነጭ ነጠላና ሁለት ኪሎ ስኳር በፌስታል አንጠልጥላለች። የምንሄደው ድብ ባሕር ነው፤ ጉዳያችን የአክስቴ ስም ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ድብ ባሕር ኖራ፣ ባሏ ከሞተና ጉልበቷን ካመማት በኋላ ባለፈው ክረምት እኛ ዘንድ መጣች። ስሟ እዚያ የሴፍቲኔት መዝገብ ላይ ስላለ የእርዳታ ክፍያው እስከ ዓመቱ መጨረሻ በዚያው ወረዳ በኩል ይመጣላታል። እሷ ግን አዲስ መታወቂያ አውጥታ፣ በመታወቂያው ፀዳ ካለ ባንክ ሒሳብ ከፈተች። ቁጥሩን ለወረዳው ላክን። ገንዘቡ ተላከ፤ ተመለሰም። መዝገቡ ላይ ያለችው ሴት ካሳነሽ አያሌው ስትሆን ሒሳቡ የትርንጎ አያሌው ነው።

ሁለቱም እሷ ናት። ትርንጎ አያቴ ያወጡላት ስም ነው። ካሳነሽ ደግሞ ስትዳር አማቷ ያወጡላት፣ በባሏ አገር ሁሉም የሚጠራት ስም። መታወቂያ ስታወጣ ለምን የድሮውን እንደሰጠች ስጠይቃት፣ «ወደ ወንድሜ ቤት ስመለስ ስሜም የተመለሰ መስሎኝ ነዋ» አለችኝ።

ከወረዳው በስልክ የነገሩን አጭር ነበር። መዝገቡ ዓርብ ይዘጋል። እስከዚያ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ካልቀረበ ስሟ ይሰረዛል። ለቃለ ጉባኤው የሁለት ጎረቤትና ስሙን ያወጣው ቤተሰብ ምስክርነት ያስፈልጋል።

አባቴ «ይቅርብሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ቢላትም አልተዋጠላትም። «መኖሩንስ አለህልኝ» አለችው፤ «የማኅበሩ ድግስ ተራ ሲደርሰኝ ግን የሚስትህን እጅ ማየት አልፈልግም።»

አባቴን ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ያስቆጣዋል፤ ስለዚህ እናቴ እኔን መረጠች። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት እመዘግባለሁ፤ ወረቀት አይከብደኝም። የሚከብደኝ ሰው ፊት መናገር ነው። የምለውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ ፋይሉ ውስጥ ከትቼ፣ የሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ተነሣሁ።

ወደ ደባርቅ

የጎንደር መናኸሪያ ገና አልሞቀም ነበር። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን፣ ለደባርቅ በሰው ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ከፍለን ሚኒባስ ላይ ወጣን። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣቶቼን አደነዘዛቸው። በግራና በቀኝ ገብሱ ቢጫ ሆኗል። አጨዳው የተጀመረበት ማሳ ላይ ሰዎች ተሰልፈው አጎንብሰዋል፤ ከኋላቸው ነዶው በየቦታው ተጋድሟል።

አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዘሀራ የሚባሉ የጎንደር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ለደባርቅ ገበያ ሻሽና ጋቢ ጭነዋል። ወረቀቴን እያየሁ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ብዙ ታገሡኝና፣

«ፈተና አለብሽ?» አሉኝ።

«አይ፣ ቀበሌ ፊት የምናገረው ነው።»

«ምነው፣ ተከሰስሽ?»

«አክስቴ ሁለት ስም ኖሯት ነው።»

ከልባቸው ሳቁ። «ሁለት ብቻ? እኔን ገበያው ሁሉ የሐጂ ልጅ ነው የሚለኝ። ዘሀራ መባሌን የማስታውሰው ባንክ ስሄድ ነው።» ከዚያ ከቦርሳቸው ቴምር አውጥተው ለእኔም ለአክስቴም ዘገኑልን። እስከ ዳባት ድረስ እሳቸውና አክስቴ ስለ አማት አወሩ። እኔ ወረቀቱን አጠፍኩት።

ደባርቅ አምስት ሰዓት አለፍ ብሎ ገባን። ሽሮና የተቀቀለ ድንች በላን፤ ለሁለታችን ሁለት መቶ ስድሳ ብር። ከዚያ በድብ ባሕር በኩል ወደ አዲ አርቃይ የሚሄድ አውቶቡስ አገኘን።

ሊማሊሞ

ከደባርቅ ወጣ እንዳልን መሬቱ ያልቃል። መንገዱ ገደሉን እየታከከ፣ እየታጠፈ ይወርዳል። ከታች እንደ ተሰነጠቀ እንጨት የቆሙ ተራሮች ይታያሉ። እዚሁ አገር ተወልጄ ሊማሊሞን ስወርድ የመጀመሪያዬ ስለነበር አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንዱ መታጠፊያ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ሾፌሩ ቀስ አለላቸው።

«እነዚህስ ታድለው» አለች አክስቴ፤ «ሒሳብ ቁጥር የሚጠይቃቸው የለ።»

ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞረው ሳቁ። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ። መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ ሹራብ ወለቀ። አክስቴ መስኮቱን ከፍታ የእያንዳንዱን መንደር ስም ትነግረኝ ጀመር። እኛ ቤት ዝምተኛ የሆነችው ሴት እዚህ መንገድ ላይ ዝም አላለችም።

ድብ ባሕር

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንወርድ፣ ከሱቁ በር አንዲት ሴት «ካሳነሽ» ብላ ተጣራች። አክስቴ ዞረች። ትርንጎ ብለን ስንጠራት እንዲህ በፍጥነት ስትዞር አይቼ አላውቅም።

አማቷ እማሆይ አዛለች ቆብ የደፉ፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው ደኅና የሚሰማ አሮጊት ናቸው። አክስቴ ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ አገጯን ይዘው አቀኗት። «ጉልበትሽን ያምሻል ብለውኝ። አታጎንብሺ።» ነጠላውን ለብሰው አዩት፤ «ሸጋ ነው» አሉ፤ አጥፈው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። የተጠበሰ የማሽላ እሸት አቀረቡልን። የመጣንበትን ነገርኳቸው። «እመጣለሁ፣ እመሰክራለሁ» አሉ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ተኛሁ።

ኀሙስ፣ ሦስት ሰዓት

ኮሚቴው የተሰበሰበው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ነው። ሰብሳቢው አያ ደምለው ጎልማሳ ገበሬ ናቸው፤ ከጎናቸው ጸሐፊው ደብተሩን ዘርግቷል። ጉዳዩ የሌለውም ሰው ካሳነሽ መጣች ሲባል ተሰብስቧል። ሁለቱ ጎረቤቶች በአጭሩ መሰከሩ። ቀጥሎ እማሆይ ተጠሩ።

«እማሆይ፣ ትርንጎ አያሌው የምትባል ሴት ያውቃሉ?» አሉ አያ ደምለው።

«አላውቅም።»

ጸሐፊው ቀና አለ።

«ይችው አጠገብዎ የተቀመጠችው» አሉ አያ ደምለው።

«እሷማ ካሳነሽ ናት። ምራቴ ናት። ትርንጎ የምትባል በቤቴ የለችም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ ጸሐፊው።

«ምነው አንተ፣ ካሳነሽ ብለህ ጻፋ።»

አያ ደምለው ወደ አክስቴ ዞሩ። «እስቲ አንቺው ንገሪን። ስምሽ ማን ነው?»

አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «እማሆይ ያሉት ነው» አለች።

በረንዳው ሙሉ ሳቀ። አንዱ ከኋላ፣ «ዛሬም ሙሽራ ናት እኮ» አለ። በኋላ እንደገባኝ፣ አማት ባወጣችው ስም ላይ የድሮውን ማንሳት ለአማትም ለምራትም ነውር ነው። ሁለቱም በጨዋነታቸው ምስክርነቱን አፈረሱት። ጸሐፊው አዝኖ፣ በዚህ ቃል ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው ብሎ መጻፍ እንደማይችል፣ ቀጣዩ ስብሰባም ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ መሆኑን ነገረን። መዝገቡ የሚዘጋው ነገ ነው። አክስቴ መሬት መሬት ታያለች።

ተነሣሁ። መነሣቴን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ነው።

«እማሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኩ።

«አይሰማም» አለ ያው ከኋላ ያለው ሰውዬ፤ «ቁርስሽን አልበላሽም?»

ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የጻፍኩት ወረቀት ላይ ይህ ጥያቄ አልነበረም። «አክስቴ እርስዎ ቤት ሙሽራ ሆና ስትመጣ ያለ ስም ነው የመጣችው? አያቴ አያሌው ለልጃቸው ስም ሳያወጡ ነው የዳሯት?»

እማሆይ ደነገጡ። «ኧረ ወዲያ፣ ምን ማለትሽ ነው። የአያሌው ቤት ስም ይቸግረዋል ወይ? ትርንጎ ብለው ነው የላኩልኝ። ትርንጎስ ሸጋ ስም ነበር።»

የሆነው ነገር ቀድሞ የገባው ለእሳቸው ነበር፤ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አያ ደምለው ሳቃቸውን ለመደበቅ አንገታቸውን ደፉ። «ጻፍ» አሉ ጸሐፊውን።

«ይጻፍ» አሉ እማሆይም፣ እጃቸውን ከአፋቸው አንሥተው። «ሴት ልጄን በቀበርኩ በዓመቱ ናት የመጣችልኝ። ካሳዬ ነሽ አልኳት። ጠላሁት ብዬ አይደለም የፊተኛውን።»

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር በደስታ ነበር። እማሆይ ካሳነሽ ይቅደም አሉ፤ ጸሐፊው በመታወቂያው ያለው ነው የሚቀድመው አለ። በመጨረሻ «በትውልድ ስሟ ትርንጎ አያሌው» ብሎ በተራ ጽሕፈት፣ «አማቷ ባወጡላት ስም ካሳነሽ አያሌው» የሚለውን ግን ጎላ አድርጎ ጻፈው። እማሆይ ፊደል ባይቆጥሩም ጉልሁን አይተው ፈቀዱና ጣታቸውን አሳረፉ። ማኅተሙ ሲመታ አክስቴ እጃቸውን ሳመች፤ እሳቸውም የእሷን።

መልስ

በአራት ሰዓት ተሳፍረን ሊማሊሞን ወጣን። ደባርቅ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ስንደርስ ሠራተኛዋ ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የእኔም እናት በአባቴ አገር ሌላ ናት» አለችና አዲሱን ሒሳብ ቁጥር አስገባች። የተመለሰውንም ክፍያ ወዲያው እንደምትልከው ነገረችን። በፋይሌ ከያዝኳቸው ስድስት ወረቀቶች የፈለገችው አንድ ኮፒ ብቻ ነው።

ፀዳ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። አባቴ በር ላይ ቆሞ፣ «እህ?» አለ። አክስቴ እኔን ቀደመችና እማሆይን እያስመሰለች፣ እኔን እያስመሰለች፣ ሁሉንም ተረከችለት። እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ከዚህ መንገድ ያገኘሁትን ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ልጻፈው። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ አድራሻ ስትቀይር፣ ሒሳብ ከመክፈታችሁ በፊት «በዚያ አገር ማን ይሉሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ረጅም ሊሆን ስለሚችል ተቀምጣችሁ ስሙ። እኔ አክስቴን ዕድሜ ልኬን ትርንጎ ስላት፣ የሌላ ሴት ሐዘን ማስረሻ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለሥራ ጫማዬን ሳስር የአክስቴ ስልክ ጮኸ። ከባንኩ የመጣ መልእክት ነበር። አነበብኩላት።

«ገባ?»

«ገብቷል።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ፈገግ አለች። ጫማዬን እንደ ተፈታ ትቼ አያ ደምለው ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን ይዘው እማሆይ ቤት ድረስ ሄዱልኝ፤ ውሻ ሲጮኽ፣ በር ሲከፈት ሰማሁ።

«ማን ልበል?» አሉ እማሆይ።

«የካሳነሽ የወንድም ልጅ ነኝ፣ እማሆይ። ብሩ ገባላት።»

«ለማን?»

«ለካሳነሽ» አልኳቸው።