አስተያየት ሳልጽፍ የመጡ ሽማግሌዎች

ከቴሌግራም ያዘዝኩት ጫማ ቆቦ ቤቴ ድረስ በባጃጅ መጣልኝ፤ አድርጌው ጎብዬ ገበያ ስሄድ ግን መንገድ ላይ ሶሉ ተገነጠለ። በመልክ ለማላውቀው ሻጭ «እውነቱን አስተያየት መስጫው ላይ ልጽፍብህ ነው» ብዬ ላክሁለት።

«አንድ ቀን ብቻ ታገሰኝ» አለኝ።

የሰው እንጀራ መዝጋትም ይከብዳል፤ ልጻፍ ወይስ ልተወው እያልኩ አደርኩ። ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፌ ላይ ቆመዋል።

«ግቡ እንጂ፣ አባቶቼ!»

«እሺ ካላልከን አንገባም» አሉ ትልቁ። «ልጃችን በድሎሃል። ስለ አላህ ብለህ አትጻፍበት።»

ለቴሌግራም አስተያየት ሽማግሌ ሲላክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሽማግሌ መመለስ ነውር ነውና እሺ አልኩ። ገብተው መረቁኝ።

ልሸኛቸው ስወጣ በር ላይ ያወለቁትን ጫማ አየሁ። የሦስቱም እንደኔው ዓይነት ነው፤ ሶሉ በሲባጎ ታስሯል።