ለአባቴ የሠራሁት የአደን ወንበር

እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ ከሙሽራ ቤት እስከ መሥሪያ ቤት ስንት ሰው እኔ በሠራሁት ላይ እንደሚቀመጥ ቆጥሬ አላውቅም፤ ወገቡን ይዞ የተነሣ ግን አልሰማሁም። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራትም ነው። ዋናው ግን ለገዛ አባቴ የአደን መቀመጫ አጥቼ ስንከራተት ለምን እንደዚያ እንደበገንሁ እንዲገባችሁ ነው።

ነገሩ የተነሣው በእህቴ ድንች ነው። እህቴ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከገሳይ ወደ ላይ፣ ከአባቴ ቤት አጠገብ፣ ጎጆ ቀልሳ ትኖራለች። ያላት አንድ የድንች ማሳ ነው፤ የምትበላውም፣ ገበያ የምታወጣውም፣ ለዘር የምታስቀረውም ከዚያው ነው። የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ከርከሮ ገባበት። ከርከሮ በልቶ ቢሄድ ደግ ነበር። እሱ ግን በአፍንጫው ትልሙን እየገለበጠ አንዱን ነክሶ አሥሩን ረግጦ ነው የሚሄደው። ለአዲስ ዓመት ስመጣ በገደሉ በኩል ያለው ጥግ በሬ የተጣላበት ሜዳ መስሎ አገኘሁት።

ከማሳው ማዶ ክላሽ ያለው ጎልማሳ ጎረቤት አለን። እሱን ጥሪው አልኋት። አባቴ በሕይወት እያሉ ለከርከሮ ብላ የሰው ደጅ እንደማትጠና ነገረችኝ። ነገሩ ገባኝ። አባቴ በአገሩ የታወቁ አዳኝ ነበሩ፤ ያንን ጎልማሳ ደግሞ አንዴ ቀበሮ ስቶ ጥይት ስለጨረሰ «ጥይት በታኙ» እያሉ በዝክሩም በማኅበሩም ሲያሾፉበት ኖረዋል። እሱን መጥራት ማለት አባታችን አበቃላቸው ብሎ ማወጅ ነው። ስለዚህ ወይ አባቴ ከርከሮውን ይገድላሉ፣ ወይ ድንቹ ያልቃል።

አባቴም እሺ አሉ። ከርከሮ ለሳቸው የሚመጥን አውሬ አልነበረም፤ ሥጋው አይበላ፣ አይፎከርበት፣ ቢሞት እንኳ በገመድ ጎትቶ ገደል መስደድ ነው። ቢሆንም የልጃቸው ድንች ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ቁርጥማቱ መሬት አላስቀምጥ ስላላቸው የሚመች መቀመጫ ይበጅልኝ አሉ። ማማ ይሠራልዎ ብላቸው ቱግ አሉ። ማማ ላይ ወጥቶ የሚጮኸው ወፍ ጠባቂ ነው፣ አዳኝ መሬት ይዞ ነው የሚጠብቀው አሉኝ። እኔም ይኼማ የኔ ሙያ ነው፣ ለኔ ይተዉት ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሥራ ቀዝቀዝ በሚልልኝ ሐሙስ ሐሙስ መመላለስ ጀመርሁ። መጀመሪያ ከማሳው ካብ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስተካክዬ አጎዛ አነጠፍሁበት። ከአስር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተቀምጠው የድንጋዩ ብርድ ከአጎዛው አልፎ አጥንቴ ገባ ብለው ተነሡ። እውነት ነው፣ እኔም ዳስሼው ቀዝቅዞ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከቤት ዱካ፣ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ፣ አወጣን። ዱካ ለቤት ወለል የተሠራ ነው፤ ዝናብ በጠገበ አፈር ላይ ሦስቱም እግሩ ሰመጠ፣ አንደኛው ከሁለቱ ቀድሞ ሰመጠና አባቴ ከነምንሽር ጠመንጃቸው ወደ ጎን ተንጋለሉ። ጥይት አልጎረሱም ነበር፣ ተመስገን። እህቴ ስቃ ስቃ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ አኮረፉኝ።

በሦስተኛው ከደብረ ታቦር የፕላስቲክ ወንበር ይዤ መጣሁ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሲታሰር አንድ ተሳፋሪ ሽማግሌ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለው መኪናውን ሙሉ አሳቁብኝ። ልክ ነበሩ። ወንበሩ ነጭ ከመሆኑም በላይ አባቴ በተንቀሳቀሱ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይጮሃል። ከርከሮ ዓይኑ ደካማ ነው ይባላል፤ ጆሮውና አፍንጫው ግን የዋዛ አይደለም። ያን ምሽት አንድም አልመጣም። ሊነጋጋ ሲል መጥተው ሁለት ትልም አረሱላት።

ያኔ እልህ ያዘኝ። ሱቄን ዘግቼ ሁለት ቀን ሠራሁ። ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ያለ፣ እግር የሌለው፣ በሰፊ ሳንቃ ላይ የሚያርፍ መቀመጫ፤ ሳንቃው ጭቃው ላይ ይተኛል እንጂ አይሰምጥም። መደገፊያውን ወደ ኋላ ጋደል አደረግሁት። ስፖንጁን ሁለት ድርብ አድርጌ፣ በሌዘር ልሸፍነው ካልሁ በኋላ ሌዘር ሲታሽ ድምፅ አለው ብዬ በአሮጌ ጆንያ ሰፋሁት። ሚስማር እንዳይጮህ በሙጫና በእንጨት ሽብልቅ ብቻ ነው ያያያዝሁት። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ምንሽሩ የሚያርፍበት ባላ ተከልሁለት፣ ክንዳቸው እንዳይዝል።

ዕቃውንም ሁሉ መረመርሁ። ነጩን ጋቢ አስቀርቼ አመድማ ብርድ ልብስ አመጣሁ። ቦት ጫማቸው ጭቃ ሲለቅ ጧ ስለሚል በጎማ ጫማ ቀየርሁት። ቆሎ ከለከልሁ፤ ሲቆረጠም ገደል ማዶ ይሰማል፤ በምትኩ እህቴ በሶ ጨበጠች። ለካፊያው የእንግጫ ገሳ፣ ለነፋሱ አቅጣጫ በጨርቅ የተቋጠረ አመድ። እህቴ ደግሞ እኔ ሳላያት የደፈጣውን ቦታ ጠርጋ ቄጠማ ጎዝጉዛበት ቆየችን። ከርከሮ ሊገደል ነው እንጂ እንግዳ ሊመጣ ነው እንዴ ብዬ ቀለድሁባት። አባቴ የሚቀመጡበት ነው አለች።

አባቴ ተቀመጡ፣ ተደገፉ፣ እግራቸውን ዘረጉ። ጆንያውን በእጃቸው ዳሰሱና እግዜር ይስጥህ፣ ይኼስ ዙፋን ነው አሉ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እንባዬ መጣ። በሰው ሳሎን ስመሰገን ኖሬ የአባቴን ምስጋና የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔ ከኋላቸው በድሮው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

አመዱን ብትን ሳደርገው ወደ እኛ ነፈሰ፤ ደግ ነው። ካፊያው አቆመ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከገደሉ አፋፍ ቁጥቋጦው ተነቃነቀና መጡ፤ አንድ ትልቅ ባለ ክራንቻ ጥርስ፣ አንዲት እናት፣ ከኋላ አራት ግልገል። ከእኛ አሥራ አምስት እርምጃ ቢርቁ ነው። ትልቁ ጎኑን ሰጥቶን ቆመና መቆፈር ጀመረ። ድንቹ ከጥርሱ ሥር ሲሰበር ይሰማኛል። ምንሽሩ ባላው ላይ ነው፣ አፈሙዙ ግን ወደ ሌላ ነው ያየው። አዳኝ ያውቃል፣ ደህና እስኪዞርለት ነው አልሁ። ትልሙ አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። አልተኮሱም። ጠጋ ብዬ ጉልበታቸውን ነካሁ።

«እሰማቸዋለሁ» አሉኝ በሹክሹክታ። «የቱ ጋ ናቸው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። በጣቴ ጠቆምሁ። ጣቴንም አላዩትም። ያን ጊዜ ክው አልሁ። ዳዊታቸውን መድገም የተዉት ፊደሉ ደበዘዘ ብለው ነበር፤ ሰላምታ የሚሰጡት ሰው አፉን ከከፈተ በኋላ ነበር፤ እኔ ግን ወገባቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየሁም። አፈሙዙን ይዤ ላዙርልዎ አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተው ልጄ። ከማሳው ጀርባ የእህትህ ቤት ነው። እኔ ድንቹም፣ ከርከሮውም፣ ቤቱም አንድ ጥቁር ነው የሆነብኝ።»

ጥይቷን ከምንሽሩ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። እኔ በዕድሜዬ ተኩሼ አላውቅም። ተነሥቼ ጮህሁ፣ የካቡን ድንጋይ እያነሣሁ ወረወርሁ። ከርከሮዎቹ ምንም ሳይቸኩሉ ወደ ገደላቸው ሄዱ።

አባቴ አናደዱኝ፤ አልዋሽም። ያን ሁሉ ሐሙስ፣ ያን ሁሉ ድንች! ለምን አልነገሩኝም ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁባቸው። ድምፄን በሳቸው ላይ ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። አልተቆጡም። አንተ አዲስ መቀመጫ ባመጣህ ቁጥር አንድ ሳምንት አገኝ ነበር አሉኝ፤ እስከዚያ ዓይኔ ይመለስ ይሆናል እያልሁ ጸበል እጠመቅ ነበር፤ ይኼኛው ግን ምንም ነቀፌታ የማይወጣለት ሆነብኝ አሉ። ተናድጄ ሳልጨርስ ልቤ ተንሰፈሰፈ። ብርድ ልብሱን አልብሼ ደግፌ ወደ ቤት ይዣቸው ገባሁ። ለእህቴ ከርከሮዎቹ ሸሽተውብን ነው አልኋት፤ እሷም አልመረመረችኝም።

በማግስቱ ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው ጎረቤት ቤት ውሰደኝ አሉኝ። ብቻዬን ልሂድና ልንገረው ብላቸው እምቢ አሉ። ክንዴን ይዘው ወጡ፤ እህቴም ሥራዋን ጥላ ከኋላ ተከተለችን። ጎልማሳው ከነሚስቱ ደጃፉ ላይ ጎመን እየቀነጠሰ ነበር። ሲያየን ብድግ ብሎ ቆመ። አባቴ ቁጭ በሉ ሲባሉ አልቀመጥም አሉ።

«እስከ ዛሬ ጥይት በታኝ ስልህ ኖሬአለሁ፤ ይቅር በለኝ» አሉት። «ዓይኔ ሄዷል። የልጄን ድንች ጠብቅልኝ።»

ሚስቱ ራሷን አቀረቀረች። ጎልማሳው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ዛሬውኑ ከአስር ሰዓት ጀምሮ እመጣለሁ አለ።

ስንመለስ ማሳው ዳር ደረስን። ከግማሽ በላይ ተገልብጧል። አባቴ እግራቸው የለሰለሰውን አፈር ሲረግጥ ቆሙ። እህቴ ከኋላ መጥታ በዚያኛው ጎናቸው ቆመች።

«እኔኮ አውቅ ነበር፣ አባዬ» አለች። «ከፋሲካ ጀምሮ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ድንችሽ ሲያልቅ ዝም ትያለሽ?» አሏት።

«ድንችማ ይበቅላል።»

አባቴ ክንዴን ለቀው እጃቸውን ዘረጉና በአየር ላይ ትከሻዋን ፈለጉ፤ እሷ ጠጋ አለችላቸው።