የስድስት ቮልት ክላክስ

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ያቺን አሮጌ ፒካፕ ከስድስት ቮልት ወደ ዐሥራ ሁለት የቀየሯት በገዛ እጃቸው ነው። የስድስት ቮልት ባትሪ እንኳን ከሚሴ ደሴም ጠፍቶ ነበር። ባትሪውን፣ ዲናሞውን፣ አምፖሎቹን ሁሉ ለወጡ፤ ክላክሱን ግን እምቢ አሉ።

«ድምፁን ለምጄዋለሁ። ሱታ፣ ቀስ ተብሎ ከተነካ ይኖራል።»

ከዚያ ወዲህ በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው ይለቁት ነበር። ዐሥራ ሁለቱ ሲደርሰው እንደ ጥጃ ይጮኻል። በጨፋ ሮቢት መንገድ ማሽላ የሚጠብቁት ሰዎች ያቺን አጭር ጩኸት ሲሰሙ፣ ዞር ሳይሉ እጃቸውን ያነሡላቸዋል። መንዳት ሲያስተምሩኝ ፍሬን ብስት እንኳ አይቆጡም፤ እጄ ወደ ክላክሱ ሲሄድ ግን «ሱታ ልጄ! የስድስት ነው፣ ይቃጠላል» ይሉኛል።

ከቀበርናቸው በሦስተኛው ቀን መኪናዋን ላሙቃት ብዬ አስነሣኋት። ክላክሱን ነካ አደረግሁት። ራሳቸው የመጡ መሰለኝ። አልበቃኝም፤ በመዳፌ ተጭኜ፣ እያለቀስኩ ያዝኩት። ጮኸ፣ ተንተባተበ፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝ። እናቴ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጥታ በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«አባዬ የመጣ መስሎኝ» አለች።

አሁን የዐሥራ ሁለት አዲስ ክላክስ ተገጥሞላታል። ቀኑን ሙሉ ቢጫኑት አይቃጠልም። ትናንት በጨፋ ሮቢት መንገድ ሳልፍ ደጋግሜ ክላክስ አደረግሁ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ እንጂ ማንም እጁን አላነሣም።