እሴት እና የገለምሶው አንባቢዋ

እሴት ኩማ ጭሮ ውስጥ አማርኛ ታስተምራለች። እኔና እሷ በመምህራን ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠን ብዙ ዓመት አሳልፈናል። ሌሎቻችን እርማት ላይ ስናንቀላፋ እሷ ከደብተሩ ቁልል ሥር መጽሐፍ ገልጣ ታነባለች። በ2004 ዓ.ም. መናኸሪያው አጠገብ በነበረው ኢንተርኔት ቤት ገብታ ብሎግ ከፈተች። ስለ ልብ ወለድ አጀማመር፣ ስለ ገጸ ባሕርያት ስም፣ ተርጓሚዎች ስለሚያበላሹት አማርኛ ትጽፋለች። ከጽሑፉ ግርጌ ስለ ቤቷ ጥቂት መስመር ትጨምራለች። እነዚያን መስመሮች ከቁም ነገር አትቆጥራቸውም ነበር።

ቤቷ ውስጥ አባቷ አቶ ኩማ አሉ። በሐረር መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ደም ግፊት ከጣላቸው ወዲህ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። እናቷ ቀደም ብለው አርፈዋል። ወንድሟ አዳማ ነው፤ በበዓል በበዓል ይደውላል። እሴት ጠዋት አባቷን አጥባና አጉርሳ፣ ለጎረቤቷ ለፈለቀች አደራ ብላ ትወጣለች። ከሥራ ስትመለስ ጀርባቸው እንዳይቆስል ታገላብጣቸዋለች። ሲያሸልባቸው መጽሐፏን ታነሳለች፤ ያነበበችውን ገጽ መልሳ መላልሳ አንብባ፣ ምን እንደሚል ሳታውቀው ትዘጋዋለች።

"ማንበብም ጉልበት ይፈልጋል ለካ" አለችኝ አንድ ቀን፣ ሻይዋ ፊት ለፊቷ ቀዝቅዞ።

የብሎጉ አንባቢ ጥቂት ነበር። ከጥቂቶቹ አንዱ ግን አይቀርም። "የገለምሶ ሰው" በሚል ስም ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር አጭር አስተያየት ያኖራል። "አባትሽ እንዴት ናቸው?" ይላል አንዴ። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ፍራሹን ፀሐይ አስመቺው።" ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል የለም። ይህ እሴትን ያበሽቃት ነበር። የለፋችበትን ሁሉ ዘሎ ስለ ፍራሽ የሚያወራ ምን ዓይነት አንባቢ ነው?

በ2008 የመምህራን ስብሰባ ገለምሶ ላይ ሆነ። እንደምትሄድ ብሎጉ ላይ ጻፈች፤ ሰውየውም ስልክ ቁጥሩን ላከላት። ገበያው ዳር ከተቀጣጠሩባት ሻይ ቤት ስትደርስ ጢማቸውን ሂና የቀቡ፣ ኮታቸው ላይ የጫት ቅጠል የተጣበቀ ሽማግሌ ተነስተው ተቀበሏት።

"አካም ጅርታ፣ መምህርት! አብዱልቃዲር እባላለሁ። ጫት ነጋዴ ነኝ።"

"ስለ ፍራሽ የሚጽፉልኝ እርስዎ ነዎት፣ ኦቦ አብዱልቃዲር?"

ሳቁ። "እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሀሚዳ ታማ ከተኛች ዓመታት አለፉ። ልጆቹ ድሬዳዋ ናቸው። ጫቱ እስኪጫን መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ያንቺን አነባለሁ።"

"መጽሐፎቹንስ?"

"ወላሂ፣ እነሱን አልፋቸዋለሁ። አትቀየሚኝ። እኔ የማነበው ከታች ያለውን ነው።" ብርጭቆውን አስቀመጡ። "እዚህ ሰው 'አላህ ያሽራት' ይልና ይሄዳል። እኔም አሚን እላለሁ። አንቺ ግን 'ዛሬ አባቴን ሳገላብጥ ተቆጣሁ፤ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ' ብለሽ ጻፍሽ። በዚያው ሰሞን እኔም ሀሚዳ ላይ ጮኼባት ነበር። እንዲህ የሚያደርገው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።"

እሴት ትችቶቿ ስለተዘለሉ ትንሽ እንደከፋት በኋላ አልሸሸገችኝም። ግን ሽማግሌው "ቤት እንሂድ" ሲሏት ተከተለቻቸው።

ሀሚዳ መስኮት ሥር ተኝታለች። አማርኛ ስለማትሰማ ባሏ የእሴትን ጽሑፍ በኦሮምኛ ይተርኩላታል።

"አባቷ የተኙባት ልጅ ይቺ ናት?" አለች በኦሮምኛ። እሴትን አጠገቧ አስቀመጠቻት። ስለ አቶ ኩማ እንቅልፍ ጠየቀቻት፣ ስለ ምግባቸው ጠየቀቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከመጣሽ አይቀር ፀጉሬን አበጥሪልኝ። እሱ ሁሉን ያደርግልኛል፤ ይሄን ግን አይችልም፣ ይነጫል።"

እሴት በትራስ ደገፍ አድርጋት ማበጠር ጀመረች። ፀጉሩ ተቋጥሮ ስለነበር ቀስ እያለች በቅባት ፈታችው፤ ከዚያ ሹሩባ ሠራቻት። ኦቦ አብዱልቃዲር በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ከሰዓት በኋላ የነበረው ስብሰባ ያለ እሷ አለቀ።

ጭሮ እንደተመለሰች በጻፈችው ጽሑፍ ውስጥ መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረም። የታመመ ሰው ፀጉር ማበጠር እንዴት እንደሚያደክም፣ እንዴትም እንደሚያሳርፍ የሚናገር ነበር። ከጻፈችው ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

በ2009 መጀመሪያ የስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ያኔ በስልኳ ትጽፍ ስለነበር ብሎጉ ዝም አለ። በዚያ መሀል አቶ ኩማ አረፉ። ኦቦ አብዱልቃዲር በማን እንደሰሙ አላውቅም፤ ገለምሶ ጭነት አራግፎ ባዶውን በሚመለስ አይሱዙ ተሳፍረው ለለቅሶ መጡ። ፓስተሩ ሲጸልይ፣ መዘምራኑ ሲዘምሩ፣ ኮፊያቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። ሲወጡ እሴትን "ልጄ፣ የተቻለሽን አድርገሻል" አሏት። ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችው ያኔ አለቀሰች።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ የመጻፍ ፍላጎቷ አብሮት አልተመለሰም። ሽማግሌው ደወሉላት።

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ደከመኝ፣ ኦቦ። የሚጻፈው ሁሉ ከአባቴ ጋር የሄደ ይመስለኛል።"

"እንግዲያው ዕረፊ" አሏት። "ለሀሚዳ ዕረፍት ላይ ናት እላታለሁ።"

ዕረፍት አገኘች ማለት ይከብደኛል። ቅዳሜን በእንቅልፍ ታሳልፋለች፤ ተነስታም እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ትመስላለች። የአባቷን ክፍል ከቦኬ ተዛውራ ለመጣች አስተማሪ አከራየችው፤ ቤቱ ውስጥ እንደገና የሰው ኮቴ ተሰማ። ለሀሚዳ አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ በኦሮምኛ ስለ ዝናብና ስለ ወገብ ሕመም ያወራሉ።

ባለፈው ሳምንት በመምህራን ክፍል አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጨርሳ ስትከድን አየኋት።

"ልትጽፊበት ነው?" አልኳት።

"ኧረ አይ" አለች ዓይኗን እያሸች። "ለራሴ ነው ያነበብኩት።"

ደወሉ ተደወለ። ጠመኔዋን አንስታ ወደ ክፍል ሄደች።